ሞተር ሳያልቅ እየወረደ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አሮጌ ፒክአፖች ሲነሳ ወሬው ሁሉ ስለ ዋጋቸው ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገለ መኪና ማስገባትን አከበደው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ የእነዋሪን ጤፍ፣ የሸዋ ሮቢትን ሽንኩርትና ማሾ፣ የመንዝን በግና ገብስ የሚያመላልሱት የ20 እና የ30 ዓመት ሂሉክሶች፣ ላንድክሩዘሮችና አይሱዙዎች ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለባቸው። ይችላሉ ወይ ብሎ ለሚጠይቅ መልሳችን አዎ ነው። የሂሉክስ 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል ሞተር በአግባቡ ከተያዘ ሳይወርድ፣ ማለትም ተፈትቶ ሳይታደስ፣ 400,000 ኪሎ ሜትር መሄዱ የሚያስገርም አይደለም። የላንድክሩዘሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር 1ኤችዜድ ደግሞ ግማሽ ሚሊዮኑን አልፎ ይሄዳል። የሚያሳዝነው በሰሜን ሸዋ ስንት ሞተር ምንም ሳይሆን «አልቋል» ተብሎ መውረዱ ነው። አንዴ ያለ ጥንቃቄ የተፈታ ሞተር ደግሞ እንደ ፋብሪካው አይገጠምም። ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ባለንብረቶችም ሹፌሮችም መካኒኮችም እንዲያነቡት ነው።

ትልቁ ስህተት ሲሊንደር ውስጥ የታመቀውን አየር ግፊት ከሚለካው ከኮምፕሬሽን ጌጅ ይጀምራል። የፋብሪካው መጽሐፍ ለ2ኤልና ለ3ኤል ሞተር 32 ኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር ይላል፤ ዝቅተኛው ወሰን 20 ነው። ይህ ቁጥር የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው 71 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው ያገኘውን አየር ነው። ስለዚህ ከፋብሪካ የወጣ አዲስ ሞተር እንኳ ደብረ ብርሃን ላይ ቢለካ የሚያሳየው ከ22 እስከ 23 ኪሎ ነው። የመጨረሻው ወሰን 20 የተባለውም እዚህ 14 ገደማ ይሆናል። ያው ሞተር ሸዋ ሮቢት ወርዶ በ1,300 ሜትር ገደማ ቢለካ 27 ያህል ያሳያል። እንግዲህ አንድ መካኒክ ደብረ ብርሃን ላይ 19 አንብቦ «ከወሰኑ በታች ነው፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ቢል በደህናው ሞተር ላይ መፍረዱ ነው። ያ 19 በባሕር ወለል ሲታሰብ 27 ያህል ነው፤ ብዙ ሥራ የቀረው ሞተር ነው።

ልኬቱ ራሱ ሥርዓት አለው። ሞተሩ እስከ ሥራ ሙቀቱ ይሙቅ። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ ደካማ ባትሪ ሞተሩን ቀስ ብሎ ስለሚያዞረው ንባቡን ዝቅ ያደርገዋል። አራቱም ካንዴሌታዎች (ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁት) ይውጡ፣ የናፍታ ፖምፓው ነዳጅ መዝጊያ ሽቦ ይነቀል፣ ጌጁ በካንዴሌታው ቀዳዳ ይታሰር። ከዚያ አራቱን ሲሊንደሮች እርስ በእርስ ማወዳደር ነው። በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ኪሎ እንዳይበልጥ መጽሐፉ ያዝዛል፤ በእኛ ከፍታ ይህም ወደ 3.5 ይጠባል። አራቱም 20፣ 20፣ 19፣ 20 ካሉ ሞተሩን አትንኩት። 20፣ 20፣ 12፣ 20 ካሉ ግን ችግር አለ። እሱም ቢሆን ቫልቭ ያልተዘጋ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታ (የሞተሩ አናት) ከመውረዱ በፊት የቫልቩ ክፍተት ይታይ። በ5ኤል ላይ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የመግቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊ ሜትር፣ የመውጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ነው። የሚስተካከለው በሺም (በቀጭን የብረት ዝርግ) ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል፤ ብዙ ጋራዥ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ክፍተቱ ጠቦ ቫልቩ በደንብ ካልተቀመጠ ኮምፕሬሽን ያመልጣል፤ ቆይቶም የቫልቩ ጠርዝ ይቃጠላል።

ጥቁር ጭስም እንዲሁ ሞተር ያስወርዳል። ከአዲስ አበባ የመጣች ፒክአፕ የጣርማበርን አቀበት ስትይዝ ጥቁር ጭስ ብትተፋ መጀመሪያ የሚታሰበው አየር ነው። ፖምፓው የሚረጨው ናፍታ አልተቀነሰም፣ ሞተሩ የሚስበው አየር ግን በባሕር ወለል ከሚስበው ከሩብ በላይ ቀንሷል። ያልነደደው ናፍታ ጥላሸት ሆኖ ይወጣል፤ ግማሹም በፋሻው በኩል ወርዶ ዘይቱን ያጠቁረዋል። መኪናዋ የምትውለው በደጋ ብቻ ከሆነ ፖምፓ ቤት ወስዶ በመሞከሪያው ላይ የሙሉ ጭነቱን ናፍታ ማስቀነስ ትክክለኛ ነገር ነው። ጉልበት የጎደለ መስሏቸው የናፍታውን መጠን የሚወስነውን ቪቲ (ብሎን) በካቻቢቴ የሚያጠብቁ አሉ። ጭሱና ሙቀቱ ይጨምራል እንጂ የሌለ አየር አይመጣም፤ ከሙቀቱ ጋር የፒስተኑ አናት ይጎዳል። ሰማያዊ ጭስ ሌላ ነው፤ እሱ ዘይት ነው። ጠዋት ብቻ የሚታይ ነጭ ጭስ ብርድ ወይም ያልሠራ ካንዴሌታ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጩ ካልቆመና ውኃው እየጎደለ ከሄደ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይጠርጠር።

አሁን ወደ ሙቀት እንምጣ፤ ከሁሉ በላይ ሞተር የሚገድለው ይህ ነውና። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃ በድስት የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጣርማበር ላይ በ90 አካባቢ። ሞተሩ ግን ከዚያ በላይ ሞቆ እንዲሠራ ነው የተሠራው። ይህን የሚያስችለው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 የሚል ቁጥር ተጽፎ ታያላችሁ፤ ያን ያህል ግፊት ይዞ ያቆያል፣ በዚያም ግፊት ውኃው ደብረ ብርሃን ላይ እስከ 113 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑ ጎማው ደርቆ ወይም ስፕሪንጉ ደክሞ ከሆነ ያ 22 ዲግሪ ጥቅም በአንዴ ይጠፋል፣ ሞተሩ ገና በደህናው ሙቀቱ ላይ እያለ ውኃው ይፈላል። ሞጆ ላይ ችግር የማያሳይ የደከመ ክዳን ጣርማበር ላይ ቴስታታ ያሰነጥቃል። የተለየ ክዳን ገጥሞ፣ ወይም በላስቲክና በጨርቅ አፍኖ የሚነዳ ሰው ይህን ቢያውቅ አያደርገውም።

ክዳኑን መመርመር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩ ፈጽሞ ሲቀዘቅዝ ይከፈት። የጎማው ፊት ላይ ስንጥቅ ወይም የጠለቀ ቀለበት ካለ ይጣል። መሐል ላይ ያለችውን ትንሿን ቫልቭ በጥፍር ሳብ ስታደርጓት ተከፍታ መመለስ አለባት። እሷ ከተጣበቀች ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከመጠባበቂያው እቃ ውኃ አይመለስም፣ በማግሥቱ ጠዋት ላይኛው ማኒኮቶ (የራዲያተሩ የጎማ ቱቦ) ወደ ውስጥ ተጣብቆ ይገኛል። ያንን ጠፍጣፋ ማኒኮቶ ያየ ሹፌር ማኒኮቶውን ሳይሆን ክዳኑን ይቀይር።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ደግሞ የተለመደ ጥፋት ሆኗል። «ውኃው እንደልቡ ይዙር» ይባላል። ብዙዎቹ የቶዮታ ቴርሞስታቶች ሲከፈቱ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ ከፍተው በታችኛው ሳህናቸው አቋራጩን መንገድ ይዘጋሉ። ቴርሞስታቱ ሲወጣ አቋራጩ ክፍት ይቀራል፣ ግማሹ ውኃ ራዲያተር ሳይነካ ተመልሶ ሞተር ውስጥ ይገባል። በአቀበት ይሞቃል፣ በደብረ ብርሃን ሜዳ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አይሞቅም። የማይሞቅ ሞተር ሲሊንደሩን ይበላል፤ ያልነደደው ናፍታ ግድግዳው ላይ ያለውን ዘይት ያጥበዋላ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ቴርሞስታትን በድስት ውኃ አፍልቶ መሞከር ትክክለኛ ዘዴ ነው፣ ግን በ82 ዲግሪ መከፈት የሚጀምር ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ውኃው ከ91 ስለማያልፍ በከፊል ብቻ ተከፍቶ ብታዩት ተበላሽቷል ብላችሁ አትጣሉት።

ውኃው ምንጭም ጉድጓድም ይሁን ጨዋማው ውኃ ራዲያተሩን ይደፍናል። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውኃ አድርጎ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ነው፤ የተጣራ ከጠፋ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ከጉድጓዱ ይሻላል። የራዲያተሩን ፊት የሚሞላውን የጤፍ እብቅና ጭቃ ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ ማጠብ ነው፤ ከፊት ለፊት በኃይለኛ ውኃ ቢመታ ቆሻሻው ወደ ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ክንፎቹም ይታጠፋሉ።

ሙቀት ከሠራስ? መርፌው ወደ ቀይ ሲሄድ ውኃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት። ዳር ይዛችሁ ከሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጥ ከሚዞርበት) ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ተዉት፣ የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ እሱም ትንሽ ራዲያተር ነው። እንፋሎቱ ከወጣና ውኃው ከፈሰሰ ግን ወዲያው አጥፉ። መርፌው ድንገት ወደ ታች ቢወርድ ቀዘቀዘ ማለት አይደለም፤ ሴንሰሩ ውኃ አጥቶ በአየር ላይ ስለቀረ ነው። በዚያ ተታልሎ አንድ አቀበት ብቻ የጨመረ ሹፌር ሞተሩን ይጨርሰዋል። በጋለ ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ማፍሰስም በቫልቮቹ መካከል ያሰነጥቀዋል፤ 2ኤል በተለይ ለዚህ ደካማ ነው። አቀበቱን ጨርሳችሁ ጣርማበር ላይ ለሻይ ስትወርዱም ሁለት ሦስት ደቂቃ በሚኒሞ አስዞራችሁ ከዚያ አጥፉ። ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ደግሞ በዜሮ ማርሽ አትውረዱ። ጭነት ይዛችሁ በዝቅተኛ ማርሽ ስትወርዱም ዙሩ ከ4,000 እንዳያልፍ፤ ቁልቁል ሲገፋ ናፍታውን የሚቆርጠው ገቨርነር ሞተሩን ሊያቆመው አይችልም።

አቧራ የሙቀት ያህል ድምፅ የለውም፤ ዝም ብሎ ነው የሚበላው። ወደ መንዝና ወደ መርሐቤቴ በሚወስዱት የጠጠር መንገዶች ከሌላ መኪና ኋላ የሚሄድ ፒክአፕ አቧራውን ይጠጣል። ማጣሪያውን በየ2,500 ኪሎ ሜትር፣ በበጋ በጠጠር የሚውል ከሆነ በየሳምንቱ አውጥቶ ማጽዳት ነው። በኮምፕሬሰር ሲነፋ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ጫፉን ከወረቀቱ ራቅ አድርጎ። ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋ ሰው አቧራውን ወረቀቱ ውስጥ ይሰካዋል። ድንጋይ ላይ መምታት የጎማውን ከንፈር ያጣምማል፤ በናፍታ ማጠብ ወረቀቱን ያፈርሰዋል። ካጸዳችሁ በኋላ ጨለማ ቦታ ገብታችሁ ትንሽ አምፖል ወይም የስልክ መብራት ውስጡ አስገቡና ዙሪያውን እዩ። እንደ መርፌ ቀዳዳ የምታበራ ነጥብ ከታየች ማጣሪያው አለቀለት።

ማጣሪያው ደህና ሆኖ አቧራው በሌላ በር የሚገባበትም አለ። ከማጣሪያው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄደው የተጨማደደ ጎማ በታችኛው በኩል፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ ይሰነጠቃል። ጎማውን ፈትታችሁ ውስጡን በንጹሕ ነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ደረቅ አቧራ ከተገኘ ሞተሩ ያን ሁሉ ጊዜ አሸዋ ሲበላ ነበር። በጣት ስታሹት የሚሻክር ከሆነ ደግሞ ፋሻውንና ሲሊንደሩን እያፋጀ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር የጥቂት ወራት ዕድሜ ነው የሚቀረው፤ ጎማውን መቀየሩ ግን ቀላል ሥራ ነበር።

ዘይትን በኪሎ ሜትር ብቻ መቁጠር በእኛ አገር ያታልላል። የብዙዎቹ ኪሎ ሜትር ቆጣሪም ቆሟል። በአስፋልት በ60 የምትሄድ መኪና 5,000 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 83 ሰዓት ይፈጅባታል። በመንዝ ጠጠር በ25 የምትሄደው ግን 200 ሰዓት ትሠራለች፤ ዘይቱ ከሁለት እጥፍ በላይ ሠርቷል ማለት ነው። ስለዚህ በአስፋልት 5,000፣ በጠጠርና በአቀበት የምትውል ከሆነ 3,000 ላይ ቀይሩ። 15ደብልዩ-40 ሆኖ ለናፍታ ሞተር የተሠራ፣ ቢያንስ ሲኤፍ-4 የሚል የጥራት ደረጃ ያለው መሆን አለበት። ለሂሉክሱ ከፊልትሮው ጋር ወደ 6 ሊትር ይበቃል፤ 1ኤችዜድ ከ9 እስከ 10 ሊትር ይወስዳል፣ የመጨረሻውን በመለኪያው ዘንግ አይታችሁ አስተካክሉ። 20ደብልዩ-50 ለሸዋ ሮቢት ቆላ ይሆን ይሆናል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ግን ደብረ ብርሃን ላይ ጠዋት ወፍሮ ወደ ላይኛው ክፍል ዘግይቶ ይደርሳል። ከተነሳ በኋላ ሰላሳ ሰከንድ ያህል ነዳጅ ሳትሰጡ ተዉት። በ1,000 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር እስከመጨመር ካልደረሰ ዘይት መጠጣቱ ብቻ ሞተር አያስወርድም።

ናፍታ ላይ ውኃ ጠላት ነው። ሌሊቱ ሲበርድ ባዶ ሰልባቲዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያ) ውስጥ ያለው እርጥበት ወደ ውኃነት ይለወጣል፤ ማታ ሞልቶ ማሳደር ይረዳል። በፊልትሮው ሥር ያለችውን ቪቲ በየሳምንቱ ከፍቶ ንጹሕ ናፍታ እስኪመጣ ማፍሰስ ያስፈልጋል። ከበርሜል የተቀዳ ናፍታ ለሚሞሉ በየጊዜው ከሞሉ በኋላ ይሁን። ውኃ ወደ ፖምፓው ከገባ ዝገት ይሠራል፣ ፖምፓው ደግሞ ውድ ነው።

የታይሚንግ ቺንጋ (የቫልቮቹንና የፒስተኖቹን ዙር የሚያስማማ ቀበቶ) ያላቸው ሞተሮች፣ 2ኤል፣ 3ኤል፣ 5ኤልና 1ኤችዜድ ጨምሮ፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየርላቸው። ከነማጥበቂያ ኩሽኔታው ይሁን። ቺንጋው ላይ ዘይት ከታየ ኦይል ሲሉም ይቀየር፤ ዘይት የነካው ቺንጋ ጊዜውን አይጠብቅም። ቆጣሪው የማይሠራ መኪና ቺንጋ የተቀየረበትን ቀን በቀለም ሽፋኑ ላይ ጽፎ በአምስት ዓመት መቀየር ነው። ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ።

ሁሉ ተመርምሮ በእውነት መውረድ ካለበት ደግሞ እንደሚገባው ይውረድ። ሲሊንደሩ በላይ፣ በመሐልና በታች፣ በሁለት አቅጣጫ በመለኪያ ይለካ፤ በዓይን አይፈረድ። የቴስታታ ጓርኒሲዮን ለእነዚህ የቶዮታ ሞተሮች በተለያየ ውፍረት ነው የሚመጣው፤ ለ2ኤልና ለ3ኤል ሦስት ናቸው፣ ቢ፣ ዲ እና ኤፍ ይባላሉ። የሚመረጠው ፒስተኑ ከብሎኩ ፊት ስንት እንደወጣ በዳያል ጌጅ ተለክቶ ነው። ሱቅ የተገኘው ከተገጠመ ወይ ኮምፕሬሽን ይወርዳል ወይ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል። ሲሊንደሩ ከተሞረደ በኋላ በናፍታ መጥረግ አይበቃም። በሙቅ ውኃና በሳሙና በብሩሽ ተፈትጎ፣ ነጭ ጨርቅ ሲያልፍበት ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይታጠብ፤ የሞረዱ ዱቄት ከቀረ አዲሱን ፋሻ በሳምንታት ይበላዋል። የመጀመሪያው ዘይት 1,000 ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይውጣ። አዲስ የተገጠመ ሞተርንም በሚኒሞ ለሰዓታት አታስዞሩት፤ ፋሻው ከሲሊንደሩ ጋር የሚስማማው በመጠነኛ ጭነት ሲሠራ ነው።

ለጋራዦች አንድ ጥያቄ አለን። ኮምፕሬሽን በለካችሁ ቁጥር የአራቱን ወይም የስድስቱን ሲሊንደር ቁጥር ለባለንብረቱ በወረቀት ስጡት። ከቁጥሩ አጠገብ የተለካበት ከተማ ስምና ቀኑ ይጻፍ፦ ደብረ ብርሃን ከሆነ ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ከሆነ ሸዋ ሮቢት። ባለንብረቶችም ያንን ወረቀት ከሊብሬው ጋር አስቀምጡ፤ በሚቀጥለው ዓመት እዚያው ከተማ ላይ ተለክቶ ሲወዳደር ነው ሞተሩ ስንት እንደቀረው የሚታወቀው።

ከአክብሮት ጋር፣
በደብረ ብርሃን በመኪና ጥገና ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች